ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ

ባለፈው ዕትም ስለ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዚያ ያነሰ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ወረቀት ስለሚነክስ ፕሪንተር ነውና። ነገር ግን ቢሮ የምትሠሩ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታችሁ የምትተዳደሩ፣ እንዲሁም የእሑዱን ፕሮግራም ለማባዛት ቅዳሜ ማታ በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የምታመሹ ወገኖች፣ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በሥራ መካከል «ጃም አደረገ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የስንቱ ፊት እንደሚለዋወጥ በጥገና ሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህ ዕትም እጃችሁ ሲገባ ደግሞ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ ክረምት የፕሪንተር ክፉ ቀን ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ላምበረትን አለፍ ብሎ፣ አንድ ባልና ሚስት አነስተኛ የጽሕፈት ቤት አላቸው። ያላቸው ንብረት ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ሌዘር ፕሪንተርና አንድ የጥረዛ መሣሪያ ነው። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከእንጦጦ ተራራ በኩል የሚወርደው ዝናብና ጉም ግድግዳውን አርጥቦት ነው የሚከርመው። ቢሆንም ሐምሌ ለእነርሱ የገበያ ወር ነው። በክረምት መርሐ ግብር የሚማሩ መምህራን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው የጥናት ወረቀታቸውን የሚያሳትሙትና የሚያስጠርዙት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መምህር 86 ገጽ ያለው ጥናት በፍላሽ ይዞ መጣ። ሦስት ቅጂ ይፈልጋል። እስከ 11 ሰዓት ድረስ ማስረከብ አለበት፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ አገሩ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ትኬትም ቆርጧል። ሰዓቱ ገና 8 ሰዓት ተኩል ስለነበረ ማንም አልተጨነቀም፤ ቀብድ ከፍሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሚስትየዋ ትሪውን እስከ አፉ ሞልታ ማተም ጀመረች። አርባኛው ገጽ አካባቢ ፕሪንተሩ ተንገጫገጨና ቆመ፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ባልየው ከውጪ ሲገባ ወረቀቱ ግማሹ በኋላ በኩል ብቅ ብሎ ግማሹ ተይዟል። ያዘና ጎተተው፤ ተቀደደ። የቀረውን በጣቱ ሊያወጣ ሲሞክር ሙቀቱ ፈጀው። ከዚያ የወረቀት መቁረጫውን ካተር አነሣ።

እኔ የተጠራሁት በማግስቱ ነው። መምህሩ ፍላሹን ተቀብሎ በዝናብ ወደ መገናኛ ወርዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ሌላ ቤት አሳትሞ ሲመለስ ቢሮው ተዘግቶ እንደ ጠበቀው ነገሩኝ። ትኬቱ ተቃጥሎበት ሌላ ሌሊት አድሯል። ስገባ ባልና ሚስቱ አይነጋገሩም ነበር፤ ሁለቱም የሚናገሩት ለእኔ ነው። «ጋሼ፣ ርካሽ ወረቀት አትግዛ ብዬው ነበር» ትላለች እርሷ። «ጋሼ፣ ትሪውን አትሙዪው ስላት አትሰማም» ይላል እርሱ።

ፕሪንተሩን ከመክፈቴ በፊት የተቀደደውን ወረቀት ጠየቅሁ። ቁርጥራጩ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ወጣና ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ እስኪሆን ድረስ ገጣጠምነው። ከታች በስተቀኝ በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ባዶ ቀረች። ያቺ ቁራጭ ማሽኑ ውስጥ ናት ማለት ነው። ቀጥዬ ከደስጣው የተረፈውን ወረቀት ዳሰስሁ። ጠርዙ ከፍ ዝቅ ብሎ ተጣሟል። ደረቅ ወረቀት ሲያወዛውዙት ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ይህ ግን እንደ ጨርቅ ዝም አለ።

እንግዲህ ጥፋቱን ለማንም ከመስጠታችን በፊት ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንመልከት። ከትሪው በላይ ያለው ጎማ ይዞርና የላይኛውን ሉክ ይስባል። ከሥሩ ያለች ትንሽ ንጣፍ ደግሞ ሁለተኛው ሉክ አብሮ እንዳይመጣ ትይዛለች። ወረቀቱ በቶነሩ ሥር ሲያልፍ ጥቁሩ ዱቄት በፊደላት ቅርጽ ይቀመጥበታል። በመጨረሻም ፊውዘር በሚባለው ክፍል በሁለት ሮለሮች መካከል ይጨመቅና ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ዱቄቱ ቀልጦ ይጣበቃል። በዚህ መንገድ ላይ ወረቀት ሲደርስ የሚገፉ፣ ሲያልፍ የሚመለሱ እንደ ምላስ ያሉ ትንንሽ የፕላስቲክ ዘንጎች አሉ። ማሽኑ አንድ ሉክ በምን ያህል ጊዜ የትኛው ምላስ ጋ መድረስ እንዳለበት ያውቃል። ከዘገየ ወይም ደርሶ ካላለፈ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ጃም የምንለው ይህንን ነው። ስለዚህ ፕሪንተሩ መቆሙ ራሱን ለመጠበቅ ነው፤ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ እኛ በምናደርገው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ከፍታችሁ ብታዩ ምንም ወረቀት የለም፤ ማሽኑ ግን «ወረቀት ተይዟል» እያለ ይጨቀጭቃል። በዚህ ጊዜ ከአንዱ ምላስ ሥር የተሸጎጠች ቁራጭ አለች፤ አለዚያም ምላሱ ተሰብሯል ወይም ከቦታው ወጥቷል። ጽሑፍ የሚያሳይ መስኮት ያለው ኤችፒ ፕሪንተር ካላችሁና በ13 የሚጀምር ቁጥር ካሳያችሁ ይህንኑ የወረቀት መያዝ ማለቱ ነው።

በእኛ ብቻ የመጣ ችግር እንዳይመስላችሁ። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው 914 የሚባለው ታዋቂ የኮፒ ማሽን ወረቀት ሲነክስ አንዳንዴ በሙቀቱ እሳት ይነሣ ስለነበር፣ ኩባንያው አብሮት ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ይሰጥ ነበር። ስሙን ግን እሳት ማጥፊያ ለማለት አልደፈረም፤ «የቃጠሎ ማስወገጃ» አለው። ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለው መሐንዲስ በዚያው ኩባንያ ሳለ በ1969 እ.ኤ.አ. የሌዘር ፕሪንተርን መላ አመጣ፤ ኤችፒ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ሌዘርጄት ብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን አወጣ። ዛሬ እሳቱ ቀርቷል፤ ጎማው፣ ሙቀቱና የጊዜው ስሌት ግን ያው ነው።

ወደ እርጥበቱ ልመለስ፤ በእኛ አካባቢ ዋናው ጠላት እርሱ ነው። ወረቀት እንጨት ነው። ከየካ ቀና ብላችሁ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ተመልከቱ። ዘሩ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የዚሁ ዛፍ ዝርያ በብራዚልና በፖርቱጋል እየተፈጨ በዓለም ቢሮዎች የሚታተምበት ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ የእኛው ግን በእናቶች ጀርባ ማገዶ ሆኖ ይወርድና ወረቀቱን ከውጭ እናስመጣለን። (ይህ ለብቻው አንድ ዓምድ የሚፈልግ ጉዳይ ስለሆነ ልለፈው።)

እንጨት በመሆኑ ወረቀት ከአየር ላይ ውኃ ይጠጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አዲስ አበባ ከሁሉ ይበልጥ ዝናብ የምታገኝባቸው ወራት ናቸው። ውኃው አስቀድሞ የሚገባው በጠርዙ በኩል ስለሆነ ጠርዙ ያብጣል፣ መካከሉ ባለበት ይቆያል፤ ያ የተጣመመ ጠርዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። እርጥብ ሉክ ይልፈሰፈሳል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ ጎማው ሲስበው ሁለትና ሦስት ሆኖ ይገባል። ፊውዘሩ ጋ ሲደርስ ውኃው በድንገት ተንኖ ይወጣና ወረቀቱ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል፤ መውጫውን ስቶ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይቀራል። ከታተመ በኋላ በጣም የሚቆለመም ወረቀት ካያችሁ ጃሙ በመንገድ ላይ ነውና ሳይመጣ ወረቀቱን ለውጡ።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የደስጣው መጠቅለያ ውስጡ እርጥበት እንዳያስገባ የተለበጠ ነው፤ ስለዚህ እስክትጠቀሙበት አትክፈቱት፤ ከከፈታችሁም የተረፈውን በመጠቅለያው መልሳችሁ በላስቲክ ከረጢት አስገቡት። ወረቀት ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ ሲሚንቶ ከታች እርጥበት ይስባል። መደርደሪያ ከሌላችሁ ሁለት ጣውላ ወይም የለስላሳ ሣጥን ይበቃል፤ ከግድግዳው ደግሞ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት። ደስጣውን በቁሙ አታቁሙት፣ ጠርዙ ይጎብጣል፤ በጀርባው አስተኙት። ከቀዝቃዛ መጋዘን ያመጣችሁትን ወረቀት ማሽኑ ባለበት ክፍል አንድ ቀን አሳድራችሁ ብትከፍቱት ይመረጣል። ማታ ስትዘጉም ትሪው ውስጥ የተረፈውን አውጥታችሁ ወደ ከረጢቱ መልሱት። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ሰው የሚስቅባት ምክር ናት፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዎቹ አሥር ሉኮች ብቻ የሚነከሱበት ቤት ካለ ምክንያቱ ያው ሌሊቱን ትሪው ውስጥ ማደራቸው ነው።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። ከጥቅምት በኋላ አየሩ ሲደርቅ ወረቀቱ በኤሌክትሪክ ኃይል እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ ሹራብ ስታወልቁ እንደሚንጣጣው ያለ ማለት ነው። መድኃኒቱ ማራገብ ነው። ትሪው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ወረቀቱን በሁለት እጅ ያዙት፣ ጠርዙን እንደ መጽሐፍ ገጽ በአውራ ጣት ፈልቅቁት፣ በአራቱም በኩል አየር ይግባበት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

አሁን ወደ ባልየው ክስ። ትሪው ጎን ላይ ወረቀት ሊያልፈው የማይገባ ምልክት አለ። አነስተኛዎቹ ሌዘር ፕሪንተሮች ብዙውን ጊዜ 150 ሉክ ያህል ነው የሚችሉት፤ ደስጣው 500 ነው። ሥራ ሲበዛ «አንዴ ልሙላውና ልገላገል» ማለት ያጓጓል፤ ነገር ግን ከልክ በላይ የታጨቀ ወረቀት ጎማው ላይ ይጫነዋል። በግራና በቀኝ ያሉት መያዣዎችም ወረቀቱን መንካት እንጂ መጭመቅ የለባቸውም፤ ቢላሉ ወረቀቱ ወርዶ ተንጋዶ ይገባል፣ ቢጠብቁ ይጎብጣል። ማሽኑ እያተመ ሳለ በላዩ ላይ ወረቀት መጨመር ደግሞ እንዲሁ ጃምን በእጅ መጥራት ነው። በዚያን ቀን ትሪው ሞልቶ ነበር፤ ባልየው በዚህ እውነቱን ነው።

የሚስትየዋ ክስ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ወረቀቱ 70 ግራም ነበር። ግራም ማለት የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው፤ የተለመዱት 70፣ 75ና 80 ናቸው። 80ው ወፈር ስለሚል ጎማው በደንብ ይይዘዋል፤ 70ውን ግን ማሽኖቹ አይጠሉትም። እኔ ብጠየቅ ከእርጥብ 80 ደረቅ 70 እመርጣለሁ። ርካሽ ሲባል የሚያስፈራኝ አቆራረጡ ነው። በደነዘ ምላጭ የተቆረጠ ወረቀት ጠርዙ ላይ ብናኝ ይኖረዋል፤ ያ ብናኝ ጎማው ላይ እየተለጠፈ ያለሰልሰዋል። አንድ ደስጣ ገዝታችሁ ጠርዙን በመዳፋችሁ ስትጠርጉት ነጭ ዱቄት ካያችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ካርቶን ሙሉ አትግዙ። መጠቅለያው ላይ ቀስት ካለ ደግሞ አስቀድሞ የሚታተምበትን ገጽ የሚያመለክት ነው፤ ትሪው ውስጥ ስትከቱ ተከተሉት።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንገዛው ኤ-4 ነው፤ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። ብዙ ኮምፒውተሮች ግን የአሜሪካኖቹን «ሌተር» መጠን ይዘው ይመጣሉ፤ እርሱ 216 በ279 ነው። ጽሑፉ በሌተር ተዘጋጅቶ ትሪው ላይ ኤ-4 ሲኖር አንዳንዱ ፕሪንተር ቀጥ ብሎ ይቆምና «ሌተር ወረቀት አስገባ» ይላል። ይህ ጃም አይደለም፤ ሰው ግን ጃም መስሎት ይከፍታል፣ ይጎትታል። ኮምፒውተሩ ላይ መጠኑን ወደ ኤ-4 መለወጥ ብቻ ይበቃል።

በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤቶች የማያቸውንም ሁለት ነገሮች ላንሣ። አንደኛው በአንድ በኩል የታተመ ወረቀትን በጀርባው መልሶ መጠቀም ነው። ቁጠባው ያስመሰግናል፣ እኔም ቤቴ አደርገዋለሁ፤ ነገር ግን የስቴፕለር ሽቦውን ነቅላችሁ፣ የተጣጠፈውንና የተቆለመመውን ለይታችሁ ይሁን። አንዲት ሽቦ የፊውዘሩን ሽፋን ለመቅደድ ትበቃለች። ለጊዜ የማይሰጥ ሥራ ሲሆን ግን አዲስ ወረቀት ተጠቀሙ። ሁለተኛው የሠርግ ካርድ ነው። ሙሽሮች ወጪ ለመቀነስ ጥሪውን በራሳቸው ሊያትሙ ወፍራም ካርድ ገዝተው ይመጣሉ። በየቢሮው የምታዩት ኤችፒ 1020 የሚችለው እስከ 163 ግራም ነው፤ ካርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። በልኩ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ወፍራም በሉትና አንድ በአንድ በእጅ መስጫው በኩል ስጡት። የኋላ መውጫ ያለው ማሽን ከሆነ እርሱን ክፈቱለት፤ ካርድ መታጠፍ አይወድም። ለቀለም ፕሪንተር የተሠራውን የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀትና ተራ ላስቲክ ግን ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ፤ ፊውዘሩ ላይ ቀልጦ ይቀራል።

«እሺ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም ተያዘ፤ አሁንስ?» ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ እጃችሁን ሰብስቡ። ፕሪንተር ሲቆም የማተሚያውን ትእዛዝ አምስት ጊዜ የሚጫን ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ ሲለቀቅለት አምስት ቅጂ ይቀበላል። ቀጥሎ ማሽኑን አጥፉ፤ ከሶኬቱም ንቀሉት። ወረቀቱ የቆመው በኋላ በኩል ከሆነ ፊውዘሩ ውስጥ ነውና እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ደንበኛ ቆሞ እያየ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ጭንቅ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

የፊቱን ክዳን ከፍታችሁ ቶነሩን አውጡ። በብዙዎቹ ማሽኖች ድራም የሚባለው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ከቶነሩ ጋር አብሮ ነው፤ በጣት አትንኩት፤ ብርሃን ይጎዳዋልና በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ሸፍኑት። ወረቀቱን ስታገኙት በሁለት እጃችሁ ግራና ቀኙን እኩል ይዛችሁ፣ ወረቀቱ ይጓዝ በነበረበት አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ገና ከትሪው አፍ ያልራቀ ከሆነ ግን ትሪውን አውጥታችሁ በመጣበት መልሱት። በአንድ እጅ፣ በአንድ ማዕዘን መጎተት መቅደድ ነው። ያለ አቅጣጫው በኃይል መጎተት ደግሞ ምላሶቹን ይሰብራል፤ የማርሽ ጥርስም ሊያረግፍ ይችላል። እንቢ ካለ በሌላ ቀለም የተሠሩ ማንሻዎች እንዳሉ ፈልጉ፤ አምራቾቹ የተጠቃሚ እጅ እንዲነካቸው የፈለጓቸውን ክፍሎች ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደርጓቸዋል። ፊውዘሩ አጠገብ ያሉትን ስታነሡ ጭመቃው ይላላና ወረቀቱ ራሱ ይለቃል። ካቻቢቴ፣ ቢላዋ፣ መቀስና ካተር ግን ከዚህ ሥራ ይራቁ። ትንሿን ቁራጭ ለማውጣት የስልክ መብራትና የፕላስቲክ ወረንጦ ይበቃል።

ያልታተመ ዱቄት ልብሳችሁ ላይ ከፈሰሰ አትሹት። በደረቅ ጨርቅ አራግፋችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ ሙቅ ውኃ ልክ እንደ ፊውዘሩ ያጣብቀዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ቅዳሜ ማታ ፕሪንተር የምትከፍቱ ወጣቶች ይህቺን ያዙልኝ።

ወረቀቱ የቆመበት ቦታ ምክንያቱን ይናገራል። ከትሪው ሳይወጣ ወይም ገና ሲገባ የሚቆም ከሆነ ጎማውን ጠርጥሩ። በጣታችሁ ስትነኩት ሻካራ መሆን ሲገባው እንደ መስተዋት ከለሰለሰ በንጹሕ ውኃ ነካ በተደረገና ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሳይደርቅ አታስነሡት። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ጎማውን ያበላሹታልና ተዉአቸው። ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ ባለሙያዎች አሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ በኋላ ግን ይብስበታል። ጎማውና ንጣፏ ከፊውዘር ጋር ሲነጻጸሩ ርካሽ ዕቃዎች ስለሆኑ መለወጡ ይሻላል። መካከል ላይ የሚቆም ከሆነ የተረፈ ቁራጭ ወይም በትክክል ያልተቀመጠ ቶነር ይኖራል። መውጫው ላይ ተጣጥፎ የሚቀር ከሆነ ደግሞ እርጥብ ወረቀት ወይም የፊውዘር ችግር ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚያዘውንም አትርሱ። እያተመ ሳለ ሲጠፋ አንድ ሉክ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እርሱንም ማሽኑ ሳይበርድና መብራቱ ሳይመጣ እንደ ማንኛውም ጃም ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ነው። ይህን ፈርተው ሌዘር ፕሪንተሩን ዩፒኤስ ላይ የሚሰኩ አሉ። ፊውዘሩ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ትንሿ ዩፒኤስ አትችለውም፤ እርሷን ለኮምፒውተሩ ተዉአት።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ማሽኑን ፈትቼ ያቺን የጥፍር ታህል ቁራጭ ከፊውዘሩ መግቢያ አወጣኋት። አጠገቧ የፊውዘሩ ስስ ሽፋን በካተር ተሰንጥቋል። ሽፋኑ ባይቀደድ ኖሮ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር፤ አሁን ግን ዕቃ መግዛት ግድ ሆነ፤ የሳምንት ገቢያቸውን በላው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ጥፋቱ የማን ነው?» አለችኝ።

ለማስታረቅ ብዬ «የክረምቱ ነው» አልኋቸው። ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም ግን አልነበረም፣ እርሷም አወቀችብኝ። ምንም ሳትናገር ካተሩን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ከተገጣጠመው ወረቀት አጠገብ አኖረችው። ባልየው ጥቂት ዝም ብሎ አየውና «እርሱስ የእኔ ነው» አለ። እኔም ደስጣዎቹን ከግድግዳው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ማን እንዳስቀመጣቸው ጠየቅሁ። እርሷ ነበረች፤ መደርደሪያው በሰው ጥራዝ ሞልቶባት ነው። ከዚያ በኋላ ሻይ ታዘዘ፤ ለሦስት።

ዛሬ ፕሪንተሩ ክዳን ላይ ሁለት መሥመር ተለጥፏል። የላይኛው በእርሷ እጅ ጽሑፍ «አትጎትት፣ አጥፋ» ይላል፤ የታችኛው በእርሱ «እስከ ምልክቱ ብቻ!» ይላል። ማተሚያውን ያስነሣው ሰው ጃሙን ያውጣ፣ ሌላው ደንበኛውን ያነጋግር ብለውም ተስማምተዋል። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የረዳቸው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሁለት ሰው ከአራት አቅጣጫ የሚጎትተው ወረቀት ሳይቀደድ ሲወጣ አላየሁም። መምህሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ስልኩን ስላልተቀበሉት የከፈለውን ቀብድ ሊመልሱለት አልቻሉም፤ ገንዘቡ በፖስታ ሆኖ መሳቢያቸው ውስጥ አለ፤ ዘንድሮ ክረምት ይመጣ እንደ ሆነ እየጠበቁት ነው።

ሁሉን ሞክራችሁ ወረቀቱ እንቢ ካለ፣ ወይም በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ከተያዘባችሁ ባለሙያ ጥሩ። ስትጠሩት ግን ማሽኑን አጥፍታችሁ ቆዩት፤ ወረቀቱ በየትኛው በኩል እንደ ቆመ አስታውሱለት፤ የተቀደዱትንም ቁርጥራጮች ቅርጫት ውስጥ ሳትጥሉ ሰብስባችሁ በአንድ ላስቲክ አቆዩለት።